ሞተር የምታጠፋው ልጅ

ገደ ቢስ የሚባል ሰው መቼም ሰምተን እናውቃለን። ሞተር የሚያጠፋ ገደ ቢስ ግን የሰፈራችን መምህር ከእናቱ አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

መምህሩ የሚወዳት ልጅ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ትጠግናለች። ሰፈሩ «ዶክተሯ» ይላታል፤ የተበላሸ ዕቃ ሲመጣላት ሳትነካው «መቼ ጀመረው? ምን ሲያደርግ ነው የሚብስበት?» ብላ ስለምትጠይቅ ነው። መምህሩ ከሁለት ዓመት በፊት ድምፅ ያጣ ሬዲዮ ይዞ ሱቋ ገባ። ሬዲዮው ድኖ ወጣ፤ እሱ ታሞ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ያለውን ደህና ዕቃ ሁሉ በገዛ እጁ እየፈታ ይመላለስ ጀመር።

አንድ ቀን ያመጣላትን ካውያ አገላብጣ አይታ፣ «ስማ» አለችው፤ «ይሄ ሽቦ በመቀስ የተቆረጠ ነው። ልታየኝ ከፈለግህ ባዶ እጅህን ና።»

በዓመቱ ቀለበት አሰረላት።

ጣጣው የመጣው በአጎቱ ጀልባ ነው። የእናቱ ወንድም ጡረታ ሲወጣ አንዲት ነጭ የሞተር ጀልባ ገዝቶ፣ እሁድ እሁድ ቤተሰቡን ሐይቅ ላይ ያንሸራሽር ነበር። እናት ከፊት ከወንድሟ ጎን፣ መምህሩ ከኋላ በቀኝ፣ ዶክተሯ ከኋላ በግራ ባለችው ነጠላ ወንበር ይቀመጣሉ፤ እሷ ግን ቆማ ዳሩን ታይና የምትቀመጠው መሃል ሐይቅ ሲደርሱ ነው። እሷ በወጣችባቸው ሦስት እሁዶች ታዲያ ሞተሩ መሃል ሐይቅ ላይ ቀጥ አለ። ሦስቱንም! አጎት በሌላ ቀን ብቻውን ሲወጣ አንዴም አስቸግሮት አያውቅም።

በሁለቱ እሁዶች ሰው ተነሥቶ ሲንጎራደድ፣ አጎት ቁልፉን ሲጠመዝዝ ሞተሩም ድንገት ተነሣ። በሦስተኛው ግን ነፋስ መጣ። አጎት «ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ!» ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም እንደተቀመጡ ቁልፉን ቢጠመዝዝ ቢጠመዝዝ ወይ ፍንክች። ወደ ድንጋዩ ሊጋጩ ሲሉ ሌላ ጀልባ ጎትቶ አወጣቸው። ሐይቁ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል።

እናት እስከ ጉልበቷ ረጥባ ወረደችና ልጅቷ እየሰማች ተናገረች።

«ውሃው እንኳ አልተቀበላትም! እግሯ ደረቅ ነው ልጄ። ከዚህች ጋር ሠርግ ካለ እኔን አትጥራኝ።»

መምህሩ ጫማውን አየ። ብቻዋን ያሳደገችው እናቱ ናት፤ እሷ ስትቆጣ ምላሱ ይተሳሰራል። ዝም አለ።

ዶክተሯ አንድ ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረች።

«እማማ፣ አንድ ቅዳሜ ይስጡኝ። ብልሽቱን ካላገኘሁት ቀለበቱን ራሴ አውልቄ እሰጥዎታለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዋ ከመቆሚያው ጋር እንደታሰረች ዶክተሯ ገባችባት። እናት መቆሚያው ላይ ወንበር አስመጥታ፣ ጃንጥላ ዘርግታ፣ ዳኛ መስላ ተቀመጠች። መምህሩ የእጅ መብራት እንዲያበራ ተፈቀደለት።

«ጋሼ፣ ሲጠፋ እያንገራገረ ነው?» አለች ዶክተሯ።

«ኧረ ምንም! ጭጭ ነው የሚለው» አለ አጎት። «የነዳጅ ማጣሪያውን ሁለቴ ቀይሬያለሁ።»

«ነዳጅ ያጣ ሞተር እያጣጣረ ነው የሚሞተው። ዓሣ የሚያሳየው ስክሪንስ? አብሮ ጠፋ?»

አጎት ራሱን አከከ። «እሱማ... እንደበራ ነበር።»

«እንግዲያው ባትሪውም ደህና ነው። አንድ ነገር ሞተሩን ‹ጥፋ› እያለው ነው።»

የወለሉን ክዳን አነሣች። መምህሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያች ቆንጆ ጀልባ ሆድ ውስጥ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ሽቦ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ተኝቷል። እሷ ግን እያንዳንዱን ከነሥራው እየጠራች ለየችው። ከመሃላቸው አንድ ቀጭን ሽቦ መዘዘች፤ ቁልፉ ሲዘጋ ሞተሩን የሚያጠፋው እሱ ነው። ይህ ሽቦ የሆነ ቦታ ላይ የጀልባዋን ብረት ከነካ ሞተሩ ቁልፍ የተዘጋ ይመስለዋል።

«የት ነው የሚነካው ነው ጥያቄው» አለች ለራሷ።

ሞተሩን አስነሥታ የቁልፉን ቤት ፈትታ አየች፤ ደህና ነው። ሽቦውን ስንዝር በስንዝር እየነቀነቀች ተከተለችው፤ ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይጠፋም። እጇ በማይገባበት ጣቷን፣ ጣቷ በማይገባበት ጆሮዋን ታስጠጋለች። መምህሩ ስለ ሰማይና ምድር ሲያስተምር አሥር ዓመቱ ነው፤ እንዲህ ተደንቆ ግን አያውቅም። ይህችን ልጅ ነው ያሰደብኳት ብሎ አስቦ ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

«ስሚ፣ የዚያን ዕለት እኔ...»

«መብራቱን ወደ ግራ።»

ከዚያ እሁድ ወዲህ ከዚህ የበለጠ አላናገረችውም።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። አራት ሰዓት ሙሉ ምንም የለም። እናት ከመቆሚያው ላይ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ዶክተሯ ወገቧን ይዛ ቀና አለች፤ ደክሟት ከኋላ በግራ ያለችው ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

ሞተሩ ጭጭ አለ።

«አያችሁ!» እናት ከነጃንጥላዋ ተነሣች። «አያችሁ አይደል? ተቀመጠች፣ ጠፋ! እኔ ሌላ ምን አልኩ?»

አጎት አንገቱን ደፋ። ዶክተሯ ግን ፊቷ በራ። መምህሩ ከዚያ እሁድ ወዲህ ስትስቅ ያያት ገና አሁን ነው።

«እማማ፣ ልክ ነዎት!» አለች። «ስቀመጥ ይጠፋል። እስኪ ይምጡ፣ አሁን ደግሞ እርስዎ ይቀመጡበት።»

«እኔ? ምን በወጣኝ!»

«እባክዎ። ለአንድ ደቂቃ።»

አጎት እህቱን ደግፎ አስገባት። ዶክተሯ ተነሥታ ሞተሩን አስነሣች። እናት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በሙሉ ክብደቷ ተቀመጠች።

ሞተሩ ጭጭ አለ።

ውሃው የጀልባዋን ጎን ሲመታ ይሰማል። እናት ተነሣች። አጎት ሞተሩን አስነሣ። እናት ማንም ሳይላት እንደገና ተቀመጠች። ጭጭ። አጎት ሳቁ አምልጦት «እህቴ፣ ለካ ገደ ቢሷ አንቺም ነሽ!» አለና እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ዶክተሯ ወንበሯን ፈትታ ገለበጠቻት። ከሥር አንድ ረጅም ቪቴ፣ ጠምዛዛ ምስማር፣ ጣውላውን ከብረቱ ጋር ካሰረ በኋላ አልፎ ወጥቷል። ሰው ሲቀመጥ ጣውላው ይረግባል፤ የቪቴው ጫፍ ይወርድና ሽቦውን ወግቶ ከብረቱ ጋር ያገናኘዋል። የሽቦው ልባስ ተልጦ መዳቡ ያብረቀርቃል።

መምህሩ ቪቴውን ገና ሲያየው አወቀው። ዶክተሯ ገና ጀልባዋ ላይ ሳትወጣ የምትቀመጥባት ወንበር ስትነቃነቅ አይቶ፣ እንዳትወድቅበት ብሎ አንድ ቀን ማንም ሳያየው አጭሩን አውጥቶ ረጅሙን ያስገባው እሱ ነው። ዶክተሯ ቪቴውን አየች፤ የመምህሩን ፊት አየች፤ ገባት። ቪቴውን ፈትታ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው።

«ያ ቀለም ቀቢ ነው!» አለ አጎት። «ጀልባዋን ሲቀባ ወንበሮቹን የፈታቸው እሱ ነው!»

«እጁ ይቆረጥ!» አለች እናት። «የሰው ልጅ ስም አስጠፋኝ!»

ለመምህሩ መውጫ በሩ ተከፈተለት። ዝም ቢል ነገሩ ያበቃል፤ ዝም ማለት ደግሞ ያውቅበታል። ዶክተሯን አያት። እሷ ውሃውን እያየች ነው።

«እማዬ፣ የረገምሽው የእኔን እጅ ነው» አለ።

«ምን አልክ?»

«ቪቴውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሰውየው ምንም አላደረገም። ሞተሩ ሲቆም ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እሷን ስትሰድቢያት ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ይሄኛው ይብሳል።» እናቱን ፊት ለፊት አያት። «ደግሞም ብልሽቱ ባይገኝ እንኳ እሷን ነው የማገባው። ሁለተኛ እኔ ፊት እንደዚያ እንድትያት አልፈልግም።»

እናት ልጇን ገና ዛሬ ያየችው ያህል አፈጠጠችበት።

«እኔኮ የዚያን ዕለት ነፋሱ አስደንግጦኝ...» ብላ እናት ጀመረችና ንግግሯን ራሷ አቋረጠች። ወደ ዶክተሯ ዞረች። «አይ። በድዬሻለሁ ልጄ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው እንዲህ ማድረግ አልነበረበትም።»

«ይተዉት እማማ» አለች ዶክተሯ። እናት ጎትታ አቀፈቻት፤ የልጅቷ እጅ ጥላሸት ቀሚሷን ሲያበላሸው እያየች አልለቀቀቻትም።

ዶክተሯ ሽቦውን በሚጣበቀው ናስትሮ ጠቀለለች፣ መንገዱንም ከጣውላው አራቀችው። መምህሩ ወንበሯን በአጭር ቪቴ አሰረ። ከሰዓት በኋላ አራቱም ወጡ። መሃል ሐይቅ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ሞተሩን እያዳመጡ ዶክተሯ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አልጠፋም። አጎት ነዳጁን ጨመረው፤ ጀልባዋ አፍንጫዋን አንሥታ በረረች።

መምህሩ ወደ ዶክተሯ ጠጋ አለ።

«ብልሽቱን ባታገኚው ኖሮ የእውነት ቀለበቱን ታወልቂው ነበር?»

«ብልሽቱንማ እንደማገኘው አውቅ ነበር» አለች። ውሃው ፊቷ ላይ ይረጫል። «እዚያ ጋ፣ ቪቴው እጄ ላይ እያለ፣ ዝም ብትል ኖሮ ነበር የማወልቀው።»

መምህሩ በዚያ ነፋስ እንኳ እንዲህ አልፈራም ነበር። ቀስ ብሎ እጇን ያዘ፤ አልነጠቀችውም።