ደረጃው ላይ የቀረ ድምፅ

እናትየዋ አንድ ሕግ ነበራት፤ ሦስት ጊዜ ካልተጠራች አቤት አትልም።

«አንዴ ቢጠራሽ ዝም በይ» ትላት ነበር ልጇን። «ሁለቴም ቢጠራሽ ዝም በይ። ሰው ከሆነ ይደግማል።»

ሕጉ የወጣው ባሏ በሞተ ሰሞን ነው። በእሱ ድምፅ ስሟ ሲጠራ ሰማች። አቤት ብላ በሩን ስትከፍት ደረጃው ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጇ ትንሽ ከዘገየች ደጃፍ ወጥታ ትጠብቃለች፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ትደነግጣለች።

ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አድርጋ ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ትውላለች። ከላያቸው ያለውን ክፍል የተከራየው አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ነው። ከገባ ወር ባይሞላውም፣ ግድግዳ በሚያነዝረው ሙዚቃው የተነሣ ጎረቤቱ ሁሉ «ማሚቶ» ብሎታል። ወፍራሙ የሙዚቃው ድምፅ፣ ቤዙ፣ ሲመታ የልጅቷ መርፌዎች በቆርቆሯቸው ውስጥ ይንጫጫሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቁርጥራጭ ጨርቅ ልትጥል በሩን ስትከፍት፣ ደጃፉ ላይ ጥቁር ነገር ተጠምጥሞ አየች።

«እማዬ!»

«አትርገጪው!» አለ ከላይ የወንድ ድምፅ። «ሽቦ ነው!»

እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ ቀጭን ወጣት ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

«እባብ መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ!» አለች ደረቷን ይዛ። «እኛ በር ላይ ምን ይሠራል?»

«የማይክ ሽቦ ነው። እየቀዳሁ ነበር።»

«ምኑን?»

«ደረጃውን።»

«ደረጃ ይቀዳል እንዴ?»

«ድምፁን ከላይ በስፒከር እለቀዋለሁ። ግድግዳ ለግድግዳ እየተላተመ ይወርድና እናንተ በር ላይ ማይኩ ይቀበለዋል። እንዲህ ያለ ማሚቶ በብዙ ብር ዕቃም አይገኝ።»

«ታዲያ ጮህኩበታ?»

«ጮህሽበት» አለ ፈገግ ብሎ። «ከከበሮው እኩል ነው የገባሽው። ብትለማመጂ እንኳ እንዲህ አይመጣልሽም።»

ልትቆጣ አስባ ነበር፤ ሳቋ ቀደማት።

ከዚያ በኋላ የማሚቶ ሸሚዞች ቁልፍ መጣል አበዙ። አንዱን አገላብጣ አየችና፣ «ይህንን በጥርስህ ነው የነቀልከው?» አለችው። ጆሮው ቀላ።

ሦስት ሳምንት ሲሆን፣ የተሰፋ ሸሚዝ ልታደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይ ወጣች። ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ የተበታተኑ ራዲዮኖችና ሁለት ትልልቅ መንኮራኩር ያለው የድሮ ቴፕ አለ። ቡናማው ክር ከአንዱ መንኮራኩር ወደ ሌላው በቀስታ ይጓዛል።

«ደብ ነው የምሠራው» አላት። «ጓደኞቼ የተጫወቱትን ሬጌ እወስድና አፈርሰዋለሁ። ዘፋኙን አወጣለሁ፣ ጊታሩን አወጣለሁ። ቤዝና ከበሮ ብቻ ሲቀር፣ ካወጣሁት ትንሽ ትንሽ እየቆነጠርኩ ማሚቶው ውስጥ እጥላለሁ።»

«ቤት አፍርሶ በሩን ብቻ እንደማቆም ነዋ።»

ቀና ብሎ አያት። «እስከ ዛሬ እንዲህ የገባው ሰው የለም» አለ።

ክሩን አስነሣው። ቤዙ ከእግሯ ሥር ገባ። ከዚያ በጣም ሩቅ፣ ከውኃ በታች የሚመስል የሴት ድምፅ፣ «እማዬ» አለ። ቀጥሎ የራሷ ጩኸት ጎልቶ መጣ፦ «እማዬ! … እማዬ … እማዬ … እማዬ …»

ወደ ቴፑ ጠጋ አለች። «ከእኔ በፊት የተጣራችው ማናት?»

«አንቺው ነሽ። ክሩ ተጠቅልሎ ሲከርም፣ የአንዱ ዙር ድምፅ ጎኑ ባለው ዙር ላይ ይታተማል። እኔ ጥላ እለዋለሁ። ከቃሉ ጥቂት ቀድሞ ይመጣል።»

«ሳልናገር ተሰማሁ በለኛ።»

«እኔማ ይህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ስሰማሽ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከክሩ ሳይነቅል። «መኪናሽ ሲቆም እኔም እቆማለሁ።»

ክሩ አለቀ። ጫፉ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ እያለ ሲዞር፣ ሊያጠፋው የተነሣ አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት ማሚቶ ያንን ክር እንደገና በደረጃው ላይ ለቀቀው፤ ማይኩ የሚቀበለውን እዚያው ክር ላይ በሌላ መስመር ይደርብ ነበር። እናትየዋ ጓዳ ነበረች።

«እማዬ» አለ በልጇ ድምፅ ከበር ውጭ። እጇ ባለበት ቀረ።

«እማዬ።» ዝም አለች።

«እማዬ።» ሦስት ሆነ።

«አቤት ልጄ!» ብላ እየሮጠች ወጣች። ልጇ መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች። አፏ ውስጥ አራት መርፌ ይዛለች፤ ከንፈሯ ገጥሟል።

«እማዬ» አለ ከበሩ ውጭ።

እናትየዋ ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ልጅቷ ከኋላዋ ነበረች።

«አንተ ልጅ! የልጄን ድምፅ ከዚያ ውስጥ አውጣ! ካልጠፋ ቅዳሜ ዕቃችንን ጭነን እንሄዳለን። ዓይኗንም ሁለተኛ አታይ!»

ማሚቶ ልጅቷን አያት። «ሌላ ቅጂ የለኝም» አለ ቀስ ብሎ። «እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼም አላውቅ።»

ልጅቷ አቀረቀረች። እሱም ክሩን መለሰና ቃሉ ያለበትን ቦታ፣ ማሚቶውንም ጭምር፣ አንድ በአንድ አጠፋው። ሲጨርስ ዓይናቸው ተጋጠመ። ሁለቱም ጥላውን አስታውሰዋል። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም ነበር።

«እማማ፣ አልዋሽዎትም» አለ። «ቃሉ ጠፍቷል። ጥላው ግን ይኖራል።»

«የምን ጥላ?»

«ከቃሉ ቀድሞ የሚመጣው። ይስሙት።»

ቤዙ ተነሣ። ከሩቅ፣ ከውኃው በታች፣ «እማዬ» የሚል መጣ። ቀጥሎ ባዶ። ቃሉ የነበረበት ቦታ ላይ ከበሮው ብቻውን ሄደ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦

«አቤት ልጄ!»

ደጃፉ ላይ ያለው ማይክ የእናትየዋን ድምፅ በበሩ ስንጥቅ ቀድቶት ነበር።

እናትየዋ ቀስ ብላ አንድ የራዲዮ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ የምትወድቅ መስሏት እጇን ያዘቻት።

«ቀድማ ነው የጠራችኝ» አለች እናትየዋ በመጨረሻ። «ይቺ ልጅ ሕፃን ሳለች ሳታለቅስ ነበር የምነቃው። ከነቃሁ በኋላ ነው የምታለቅሰው። ምን እንደሚቀሰቅሰኝ ሳላውቅ ኖርኩ።» ጣቷን ወደ ክሩ ዘረጋች። «ይሄ ነበር።»

«ጥላውንም ላጥፋው?»

«እጅህን እንዳታስጠጋው!» ብላ ጮኸችበት። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ያንን ሽቦ ግን ከደጄ አንሣ፤ ሰው ይጥላል። ልጄን ከፈለግህ ደግሞ በር አንኳኩተህ እንደ ሰው ግባ።»

«ስንቴ ላንኳኳ፣ እማማ?»

«ሦስቴ።»

በማግሥቱ ሦስቴ አንኳኳ።

እናትየዋ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። የስፌት መኪናው አሁን ላይኛው ክፍል፣ ከቴፑ ጎን ነው። አንዳንድ ከሰዓት በኋላ፣ ማሚቶ ምንም ሳይል ያንን ክር ያስነሣል። ቤዙ ይገባል። ጥላው ከሩቅ ይጣራል። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው ታነሣለች፣ መርፌዎቹን ከአፏ ታወጣለች፤ ባዶው ቦታ ሲደርስ፣ ከከበሮው እኩል፣

«እማዬ» ትላለች።

«አቤት ልጄ!»