ምሰሶው ዝም ያለባቸው አምስት ደቂቃዎች

ኖርም ካርሞዲ ነጭ በትሩን እንደ ጨበጠ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቷል። ዓይኑን ካጣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሆኖም ከወሎንጎንግ ከተማ እስከ ኪያማ ከተማ ያሉትን የእግረኛ ማቋረጫዎች በጆሮው እየሰማ፣ በመዳፉ እየዳሰሰ የሚፈትን እሱ ነበር። የመብራቱ ምሰሶ ላይ ያለው፣ እግረኛ በእጁ የሚነካው መጫኛ በዝግታ «ጠቅ… ጠቅ» ሲል ቁም ነው፤ «ጠቅጠቅጠቅ» እያለ መዳፍ ሲያነዝር እለፍ ነው። ከንጋቱ 12፡46 ላይ ኖርም አለፈ፤ አውቶቡስ ገጨው።

ሳጅን ዲርድሪ ፓስኮ መጣች። ይህች ሴት ውሸት ገና ጉሮሮ ውስጥ ሲያዛጋ ትሰማለች፤ ዝምታዋ ብቻ ግማሽ ወህኒ ቤት ሞልቷል።

«አረንጓዴ በርቶልኝ ነው ሳጅን!» አለ የአውቶቡሱ ሾፌር ሃርጂት። «መስኮቴ ዝግ ነበር፣ ምንም አልሰማሁም። ድንገት ፊቴ ድቅን አለ።»

የመብራቶቹ ጠጋኝ ካላም ከኖርም ኋላ ቆሞ ነበር። «እኔ ሰምቻለሁ። ምሰሶው ጠቅጠቅጠቅ ሲል ነው የገባው። ለእግረኛው አረንጓዴ ሰጥታ፣ መዝገቡ ላይ ቀይ ያደረገችው መሌ ናት። መብራቱን የሚያዘው ማሽን ላይ ሌላ ማን አለ?»

መሌ የአውራጃውን መብራትና አውቶቡስ ሁሉ ከአንድ ክፍል የምትመራ ቶንጋዊት ናት። የሳጅኗ አለቃ በስልክ ቁርጡን ተናግሯል፦ እስከ ስድስት ሰዓት ሌላ ሰው ካልተገኘ መሌ ትታሰራለች።

«አንቺ ልጅ፣ ለቅሶው ይቆይሽና ይህ ማሽን የሚያውቀውን ንገሪኝ» አለች ፓስኮ የመሌ ክፍል እንደ ገባች።

«መብራቱን፣ አውቶቡሱን… ካለፈው ሰኞ ወዲህ ደግሞ እያንዳንዱ መጫኛ በየደቂቃው ‹አለሁ› ይለናል። ለኖርም ብዬ የጨመርኩት ነው። ከእሱ በቀር ይህን ያወቀ የለም።»

«አሳዪኝ።»

ፓስኮ ስክሪኑን አየች። ደግማ አየች። ኮቷን አነሣች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱንም ምሰሶው ሥር አቆመቻቸው። መጫኛው በዝግታ ጠቅ… ጠቅ ይላል።

«ካላም፣ ሳጥኑን ክፈትና ሽቦውን ንቀልልኝ።»

ነቀለው። ድምፁ ጠፋ።

«አሁን ምን ትሰማለህ?»

«ምን ይሰማል? ተነቅሏል እኮ!»

«ጎሽ፣ የኔ ጌታ! ይህ መጫኛ ዛሬ ከ12፡44 እስከ 12፡49 ‹አለሁ› አላለም። ተነቅሎ ነበር። ኖርም የተገጨው 12፡46 ነው። ታዲያ አንተ የሰማኸው ከየት መጣ?»

ካላም ቦርሳውን በእግሩ ወደ ኋላ ገፋ።

«ኖርም ድምፅ ሳይሰማ እግሩን አያነሣም፤ ስለዚህ ድምፅ ነበር። የአውቶቡሱ ካሜራ ለሃርጂት አረንጓዴ ያሳያል፤ ለእግረኛና ለመኪና አንድ ላይ አረንጓዴ አይበራም፤ ስለዚህ የመሌ መዝገብ እውነት ነው። ምሰሶው ካልጮኸ ሌላ ነገር ጮኋል። ‹ቁም› የሚለው እውነተኛ ድምፅ እንዳያጋልጥህ ሽቦውን ነቀልክ፤ ሰው ሬሳውን ሲከብ መልሰህ ሰካህ። የሳጥኑ ቁልፍ ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው።»

«መዳፉስ? ካልነዘረው አይሻገርም ነበር!»

«የኖርምን ስልክ ፈትሻለሁ፤ ትናንት እሱ ላይ ‹መንዘሩ ተበላሽቷል፣ በድምፁ ሂድ› ብለህ መልእክት ተውክለት። እዚያው ስልክ ላይ ደግሞ ‹ጠገንኩ› ብለህ የፈረምክባቸው፣ ግን ነክተሃቸው የማታውቃቸው የዘጠና ማቋረጫዎች ዝርዝር አለ። ኖርም ነገ ለአለቆችህ ሊያስረክበው ነበር። ቦርሳህን አምጣ።»

ከመፍቻዎቹ ሥር ቡጢ የምታህል ድምፅ ማጉያ ወጣች። ፓስኮ ጫነቻት።

ጠቅጠቅጠቅጠቅ።

ሃርጂት ጆሮውን ይዞ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ካላምን ፖሊሶቹ ወሰዱት።

«ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነው» አለች ፓስኮ። «ነፃ ነሽ፣ ሂጂ።»

መሌ ግን አልሄደችም። ሽቦውን ራሷ መልሳ ሰካች፤ ዓይኗን ጨፍና መዳፏን መጫኛው ላይ አኖረች። ጠቅ… ጠቅ። ቆየች። መዳፏ ሥር ምሰሶው ነዘረ፤ ያን ጊዜ ተሻገረች።