ወደ ጣሪያ የዞረው ስፖኪዮ

መካኒኩ ጋሽ ጉልላት የተገኙት ከአሮጌው ሚኒባስ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ነው። መኪናውን አንስቶ የነበረው ክሪክ ወድቋል፤ የመኪናው ሆድ ደረታቸው ላይ አርፏል። ከኮልፌ አጠና ተራ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ጋራዥ ደጃፍ የተሰበሰበው ሰው ግን ሬሳውን አልነበረም የሚያየው፤ መኪናውን ነበር።

«ዝናቡ ሊያባራ ሲል አለቀሰ» አለች አንዲት ጎረቤት እያማተበች። «መኪናው! በጆሮዬ ነው የሰማሁት። የአምሐ መንፈስ ነው።»

ሳጅን ገብረአምላክ ሰውን እየገፋ ለኢንስፔክተር ራኬብ መንገድ ከፈተላት። «ነገሩ ግልጽ ነው። ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ ሲቀይሩ ክሪኩ ከዳቸው። ሰፈሩ ደግሞ መንፈስ ነው እያለ ነው።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ… ክሪክ።»

መንፈስ ለሁሉም ይመቻል። አይታሰርም፣ ቃል አይሰጥም፣ ጠበቃ አያቆምም። ጎረቤትን ከምስክርነት፣ ፖሊስን ከድካም ያሳርፋል። ራኬብ ይህን የመሰለ ዕረፍት ትጠላ ነበር። ተንበረከከች።

የሟቹ ማጅራት ተፈንክቷል። የሁለቱም ጫማዎቻቸው ተረከዝ ከውስጠኛው የሥራ ጠረጴዛ እስከ መኪናው ድረስ ጭቃው ላይ መስመር አስምሯል።

«ክሪክ ደረት ይጫናል እንጂ ማጅራት አይመታም» አለች። «ደግሞም ሳጅን፣ የዚህ መኪና ሞተር የት ነው?»

ሳጅኑ የሾፌሩን ወንበር ወደ ላይ ገለበጠ። ሞተሩ ከወንበሩ ሥር ነበር፤ ዲናሞው ከላይ በእጅ ይደረሳል።

«ታዲያ እሳቸው ከሥር ምን ሊሠሩ ገቡ?»

ራኬብ የሟቹን የተጨበጠ ቀኝ እጅ ቀስ ብላ ከፈተች። ከመዳፋቸው ቫርኒሽ ያደረቀው አጭር ቀይ ክር ወጣ። ወንበሩን መልሳ ወደ መሪው ስትጠጋ ደግሞ አንድ ነገር አየች፤ ኋላን የሚያሳየው የውስጠኛው ስፖኪዮ ወደ ጣሪያው ዞሯል።

የመኪናው ባለቤት ወይዘሮ ዘመነች በር አጠገብ ቆመው ነበር። ቀሚሳቸው ከዝናቡ ገና አልደረቀም። ሐዘን እንደጀመረ ሰው ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ ይሉና ይተዉታል።

«መጀመሪያ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። ሳንሱሲ ቤቴ ልብስ ሳሰጣ ደወሉልኝ። ‹ዘመነች፣ የአምሐን ነገር አግኝቻለሁ፣ ቶሎ ነይ› አሉኝ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ፤ ታክሲም ጠፋ። ስደርስ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው።»

«አምሐ ማን ነው?»

«ባሌ። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ከነመኪናው እንደወጣ ቀረ። ይህን መኪና የገዛሁት ከዚያ ወዲህ ነው።» ወደ ደጃፉ ሰው አገጫቸውን ወረወሩ። «እነዚህ ሴት ይዞ ሞያሌ ተሻገረ ይሉኛል። ለቅሶ ልቀመጥ ስል፣ ‹በቆመ ሰው ይለቀሳል እንዴ?› ብለው ከለከሉኝ። ሚስት አይደለሁ፣ መበለት አይደለሁ። ጋሽ ጉልላት ምን እንዳገኙ ንገሪኝ የኔ እህት፣ ሌላ ምንም አልለምንሽም።»

ራኬብ ቀዩን ክር አሳየቻቸው። ሴትዮዋ ነክተውት እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የነጠላዬ ጥለት ነው። የአምሐ ዲናሞ የተቃጠለ ጊዜ ጋሽ ጉልላት ሽቦውን እዚሁ እንደ አዲስ ጠቀለሉለት። ማሰሪያ ክር ቢያጡ ከነጠላዬ መዝዤ ሰጠኋቸው። ‹እንግዲህ ይህ ዲናሞ ሚስት አገባ› ብለው ሳቁብኝ።»

ራኬብ ወንበሩን ገልብጣ የተገጠመውን ዲናሞ በባትሪ መብራት ፈተሸችው። በውስጡ ያለው ማሰሪያ ነጭ ነበር።

ሾፌሩ ማሙሽ የመጣው አመሻሹ ላይ ነው። በፊት የአምሐ ረዳት ነበር፤ አሁን ለዘመነች ይነዳል። እንቅልፍ የራቀው ፊት ነበረው።

«ዲናሞውን ጠዋት ከፈሀድ ሱቅ ገዝቼ ሰጠኋቸው። ከዚያ ጦር ኃይሎች ወርጄ ስበላ ዝናብ ያዘኝ። ብነግርሽ አታምኚኝም ኢንስፔክተር፤ ይህ መኪና ጤነኛ አይደለም። አምሐን በስፖኪዮ አየዋለሁ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያየኛል። ተሳፋሪውን ጠይቂ፣ ስፖኪዮውን ወደ ላይ አዙሬ ነው የምነዳው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መኪናውን ከያዝኩ ጀምሮ።»

በማግስቱ ጠዋት ራኬብ የፈሀድን ሱቅ አገኘች። ጠባብ ናት፤ የተፈቱ መኪኖች ዕቃ እስከ ጣሪያዋ ተከምሯል። ፈሀድ ጫት ባሳበጠው ጉንጩ ሳቀ።

«ማሙሽ? አዎ፣ እኔ ነኝ የሸጥኩለት። ግን እንደዚያ ዓይነት ገዢ አይቼ አላውቅም እህቴ። ዲናሞ የሚገዛ ሰው አሮጌውን ተሸክሞ ይመጣል። የቡሎኑን ቀዳዳ ያስተያያል፣ ቺንጋው፣ የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ፣ የሚገባበትን ፑሊ ይለካል፣ መሰኪያውን ያያል። እሱ ባዶ እጁን መጥቶ ‹የትኛውም ይሁን› አለኝ! ሚስት እንኳ እንደዚያ አይመረጥም።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ሰዓት አላየሁም። ግን ያ ዶፍ እየወረደ ነበር። እንዳይበሰብስ ብዬ በፌስታል ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ እሱ ራሱ በስብሶ አይጥ መስሎ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ራኬብ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዘመነች፣ ማሙሽ፣ ፈሀድና ሳጅኑ ከመኪናው ፊት ቆሙ። ያልተጠራው ሰፈርተኛም ደጃፉን ሞላው። ራኬብ አስቀድማ ስፖኪዮውን ወደ ቦታው መልሳው ነበር።

«ማሙሽ፣ እስቲ አስነሳው።»

ማሙሽ ገባ። ቁልፉን ከመንካቱ በፊት እጁ ብቻዋን ወደ ላይ ሄደችና ስፖኪዮውን ወደ ጣሪያው ገለበጠችው። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ።

መኪናው ጮኸ። ቀጭን፣ የተሳለ፣ እንደ አልቃሽ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነበር። ደጃፉ ላይ ያለው ሰው «በስመ አብ!» ብሎ አፈገፈገ።

«አጥፋው» አለች ራኬብ። «ፈሀድ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«መንፈስ አይደለም» አለ ፈሀድ። «ቺንጋ ነው። ፑሊው መስመሩን ስቷል፣ ልኩ አይደለም። የሌላ መኪና ዲናሞ ነው የተገጠመው።»

«ጋሽ ጉልላት እንዲህ ገጥመው ያውቃሉ?»

«ጋሽ ጉልላት? እጃቸውን ይቆርጧታል እንጂ!»

ራኬብ ወደ ደጃፉ ዞረች። ድምፅዋ አልጨመረም፤ ግን ንዴቷን ሁሉም ሰማው።

«እናንተ ትናንት የሰማችሁት ለቅሶ ይህ ነው። ሰው ተገድሎ፣ ገዳዩ ሞተር አስነስቶ፣ እናንተ በየቤታችሁ አማተባችሁ። አንድ ሰው በር ከፍቶ ቢመለከት ኖሮ እኔ እዚህ አልቆምም ነበር።» ወደ መኪናው ተመለሰች። «ጋሽ ጉልላት የቀረበላቸውን ዲናሞ ከመግጠማቸው በፊት ከፈቱት። ውስጡ የገዛ እጃቸው ሥራ፣ የወይዘሮ ዘመነች ቀይ ጥለት ነበር። ከጠፋው መኪና የተፈታ ዲናሞ! ለወይዘሮ ዘመነች ደወሉ። ያኔ ፀሐይ ነበር፣ ልብስ ተሰጥቶ ነበር። ማጅራታቸውን የተመቱት ስልኩን እንደዘጉ ነው። ገዳዩ ያንን ዲናሞ መደበቅ ነበረበት፤ በምትኩ ሌላ ካልተገኘ ደግሞ ‹የመጣው ዲናሞ የት ሄደ?› ይባላል። ስለዚህ በዶፍ ዝናብ ፈሀድ ዘንድ ሮጠ። ማሙሽ ጠዋት ገዛሁ ብሏል። ፈሀድ ግን የሸጠለት ዶፉ ሲወርድ ነው።»

«ተሳስቶ ነው» አለ ማሙሽ።

«እሺ፣ ይሳሳት። ገዳዩ ዲናሞውን ገጠመ፤ የባትሪው ምልክት መብራት መጥፋቱን ለማየትም ሞተሩን አስነሳ። ሳያስነሳ የሚሄድ ሾፌር የለም። ሬሳውን ገና ከመኪናው ሥር አላስገባውም ነበር፤ ከኋላ ጠረጴዛው አጠገብ ተዘርግቷል። ጋሽ ጉልላት ስፖኪዮውን ወደ ቦታው መልሰውት ኖሯል፤ መሪው ላይ ሲቀመጥ ሬሳው ታየው። አሁን ሁላችሁም እንዳያችሁት ገለበጠው።»

«መንፈሱን ፈርቼ ነው ያልኩሽ! ሰው ሁሉ ያውቃል!»

«እሱ ነው ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ። ሰፈሩ በሙሉ አምሐ ኮበለለ ሲል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መንፈሱን ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። የኮበለለ ሰው መንፈስ የለውም፣ ማሙሽ። መሞቱን ከማን ሰማህ?»

ማሙሽ ከመሪው ላይ እጁን አላነሳም። ትንፋሹ መስታወቱን አደበዘዘው።

«መንዳት ሊያስተምረኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ከሳንሱሲ በላይ፣ ድንጋይ ካባው ጋ። ወደ ኋላ እንድነዳ ወርዶ ከኋላ ሆኖ ‹ና፣ ና› ይለኝ ነበር። ስፖኪዮውን አላየሁም። ከዚያ… ድምፁ ጠፋ።»

ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ።

«መኪናውን ፈታትቼ ሸጥኩት። ዲናሞውን ግን መጣል አልሆነልኝም፤ ገና አዲስ የተጠቀለለ ነበር። የእትዬ መኪና ዲናሞ ሲቃጠል፣ የባሏ ዕቃ ነው፣ ለሷ ይሁን አልኩ። ጋሽ ጉልላት ይከፍቱታል አላልኩም። ከፍተው ደወሉ፤ ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ልክ አምሐ በስፖኪዮው እንደሚያየኝ ነው ያዩኝ።»

ዘመነች ወደ መኪናው በር ተጠጉ።

«በምን ገነዝከው?»

«በ… በወንበሩ ልብስ፣ እትዬ።»

«ቦታውን ታውቀዋለህ?»

«ዓይኔን ጨፍኜም።»

ሳጅን ገብረአምላክ ማሙሽን አወረደው። እጁ ሲታሰር ዓይኑ ከመሬት አልተነሳም። ዘመነች በተከፈተው በር ገብተው መሪው ላይ ተቀመጡ። ስፖኪዮውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ታች መለሱት፤ ለረጅም ጊዜም አዩበት። ኋላ ያለው ባዶ ወንበር ብቻ ነበር።

ወረዱ። ነጠላቸውን አውልቀው ጥለቱን ወደ ላይ አዘቀዘቁት፣ ደጃፉን ወደ ሞላው ሰውም ፊታቸውን አዞሩ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ። «ድንኳን ጣሉልኝ።»