ማንም ያልያዘላት ጥቅል ሽቦ

ጥሩወርቅ ከጋፋት ደብረ ታቦር በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት። ለሦስት ተማሪ የተሠራው ዴስክ ለብቻዋ ነው። ንግሥት ናት አትሉም? ንግሥት እንኳ አጫዋች አታጣም!

አባቷ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። አገሬው በእሳቸው ማረሻ አርሶ፣ በእሳቸው ማጭድ አጭዶ ይበላል። ልጃቸው ስታልፍ ግን «ቡዳ ናት፣ በዓይኗ ትበላለች» እያለ ሕፃኑን በነጠላ ይሸፍናል። ማረሻው ቡዳ አልሆነ፣ ማጭዱ ቡዳ አልሆነ፤ እሷ ላይ ሲደርስ ብቻ!

ማሬ ድሮ አብራት ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ሆዷን ቆረጣትና እናቷ «ከዚያች ጋር ምን በላሽ?» አሏት። በነጋታው ማሬ ደብተሯን ሰብስባ ወደ ኋላ ሄደች። ጥሩወርቅ ባዶውን ቦታ እያየች ዓመቱ አለቀ።

ዘንድሮ መምህር ዳኛቸው «ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚመነጭ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሠርታችሁ አሳዩ» ሲሉ ሁሉም ጓደኛውን ያዘ። ጥሩወርቅ ጥላዋን ያዘች። ከተቃጠለ የወፍጮ ሞተር የመዳብ ሽቦ ፈትታ ጠቀለለች፤ ከተሰበረ ራዲዮ ማግኔት አወጣች። አባቷም ማግኔቱን የምታሽከረክርበት መዘውር ቀጠቀጡላት።

ተራዋ ደረሰ። ጥቅሉን ማግኔቱ አጠገብ አኖረችው። ሽቦው ጫፍ ላይ የታሰረችው ትንሽ አምፖል ጭል እንኳ አላለችም።

«በዓይኗ በልታው ነው!» አለ እሸቴ የሚባለው ቀልደኛ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ማግኔት ተጎልቶ መብራት አይሰጥም» አለች ጥሩወርቅ። «ሽቦው አጠገብ ሲሽከረከር ነው ኤሌክትሪክ የሚፈጠረው። አንድ እጄ መዘውሩን ያዞራል፣ አንዱ እንዳይወድቅ ይይዛል። ጥቅሉን አስጠግቶ የሚይዝልኝ ሰው ቸግሮኝ ነው።»

እሷ የነካችውን ማን ይንካ?

ማሬ ከኋላ ተነሣች።

«ተይ አንቺ! እናትሽ ይገድሉሻል!» አለ እሸቴ።

«ያኔ ሆዴን የቆረጠኝ ጥሬ ባቄላ ነው» አለች ማሬ። «ከሰው ማሳ ሰርቄ የበላሁት። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

ጥቅሉን ያዘች። ጥሩወርቅ አዞረች። አምፖሏ ጭል፣ ጭል አለችና መዘውሩ ሲፈጥን ቦግ አለች። እጇ ሲቆም ጠፋች።

እንግዲህ ስሙኝ፣ ወገኖቼ፤ ቡዳ የሚባል ዘር የለም፤ ያለው ሐሜት ነው። ማግኔትና መዳብ ጎን ለጎን ቢጎለቱ ብርሃን እንደማይወጣቸው፣ ማረሻውን ወስዶ የቀጥቃጩን ደጅ የማይረግጥ ጎረቤትም ጎረቤት አይባልም።

ሲጨርሱ ማሬ ደብተሯን ይዛ መጣችና ዴስኩ ጫፍ ላይ ቆመች። ጥሩወርቅ መሃል ላይ እንደተቀመጠች አየቻት እንጂ ምን እንደፈለገች አልገባትም።

«ጠጋ በይ እንጂ! ርስትሽ ነው እንዴ?» አለቻት ማሬ።

ጥሩወርቅ ለካ ጠጋ ማለት ጠፍቷት ኖሯል።