ግዛቸው ከባሕር ከወጣ በኋላ

ፋርማሲስቷ ፀዳለ ቤት ለዕረፍት ጉዞ ሲነሱ ልብስ የሚታሰበው በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ የጆሮ ጠብታው ይገባል፤ ቀጥሎ ሦስቱ የመጥለቂያ መነጽሮች በየፎጣቸው ተጠቅልለው፤ ከዚያ ዳቦ ቆሎው፤ ከዚያ ደግሞ የዛንዚባርን፣ የሞሪሸስንና የግብፅን ባሕር በየተራ ያየው፣ ጠርዙ በጨው ውኃ የተኮማተረው ሰማያዊ ደብተር። ማን ስንት ሜትር እንደጠለቀ፣ በስንት አየር ገብቶ በስንት እንደወጣ፣ ምን ዓሣ እንዳየ እዚያ ላይ የምትጽፈው እሷ ናት። ባሏ ግዛቸው «አንቺ እኮ ዓሣውም ማዘዣ ወረቀት ይዞ ካልመጣ አታስተናግጂውም» እያለ ይቀልድባታል።

ልጃቸው ኤልዳና በአሥር ዓመቷ ዛንዚባር ላይ መጥለቅ ስትጀምር፣ አባቷ ከባድ የአየር ሲሊንደሯን ከጀርባዋ አውልቆ በትከሻው አንጠልጥሎ የጀልባውን መሰላል ይወጣላት ነበር። አሥራ አምስት ሲሞላት «እኔ ሕፃን አይደለሁም» ብላ ከለከለችው። በዚያ ዓመት ያልከለከለችው ነገር የለም፤ መሳም ከለከለች፣ ፀጉሯን መነካት ከለከለች፣ ሳያንኳኩ ክፍሏ መግባትማ ጭራሽ የማይታሰብ ሆነ። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ፀዳለ እንደ ዓይኗ ብሌን የምታያት አንድ ልጇ ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍና፣ ቀና ሳትል «እሺ» ብላ ስታልፋት ሆዷ ይባባል። ለማንም አትናገረው እንጂ ዘንድሮ ወደ ጅቡቲ የመጣችው ለኮራልም ለዓሣም ብላ አልነበረም፤ ልጇን መልሳ ልታገኝ ነው።

ያረፉት ከከተማው በጀልባ ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ጠረፍ ላይ፣ ከድንጋይና ከሰሌን በተሠራች አንዲት ማረፊያ ውስጥ ነበር። የሚመራቸው ሁመድ የሚባል አፋር ነው፤ ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛውን አቀላጥፎ ይናገራል። ጀልባውን የሚነዳው ታናሽ ወንድሙ ግን ከፈገግታ በቀር ቋንቋ የለውም። በመጀመሪያው ቀን ፀዳለ ጆሮዋ ስለተደፈነባት ጀልባው ላይ ቀረች፤ ባሏና ልጇ ሁመድን ተከትለው ገቡ። ውኃው ከጀልባው ሆድ ሥር ሲላተም እያዳመጠች፣ ከሥር የሚወጣውን የአየር አረፋ በዓይኗ እየተከተለች ተቀመጠች። ሁመድ በአርባ ደቂቃው ብቻውን ብቅ አለና ዙሪያውን ቃኝቶ ተመልሶ ገባ። ሁለቱ የታዩት በሃምሳ አምስተኛው ደቂቃ ነው፤ ያውም አረፋው ከሚወጣበት ብዙ ርቀው፣ በሌላ በኩል።

ግዛቸው አንድ ሲሊንደር በትከሻው አንጠልጥሎ መሰላሉን ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ፀዳለ እንደ ልማዷ እርሳሷን አንስታ ከትከሻው ላይ የተንጠለጠለውን የአየር መለኪያ ጌጅ አነበበች፤ መቶ ዘጠና ይላል። የገቡት በሁለት መቶ ነው። ግዛቸው ወፍራም ሰው ነው፣ አየር ይበላል፤ ስድሳ ካተረፈ «ዛሬ ጎበዝ ሆንኩ» ብሎ የሚፎክር ሰው ነው። ጌጁን በጣቷ መታ መታ ብታደርገው ንቅንቅ አልል አላት።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለችው።

«ትንሽ ተለያይተን ነበር» አለ ባሕሩን እያየ። «ከዚያ ከኋላዬ መጥታ እጄን ያዘችኝ።»

ጀርባውን ሰጥቶ የእግሩን መቅዘፊያ ማውለቅ ጀመረ። ኤልዳና ግን ውኃዋ እየተንጠባጠበ ከእናቷ ጎን መጥታ ተቀመጠችና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላደረገችውን፣ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ «እማ፣ ናፍቀሽኝ ነበር» አለቻት። ፀዳለ አንጀቷ ራሰ። የጌጁን ነገር ደብተሩ ላይ በጥያቄ ምልክት ጽፋ ዘጋችው።

ምሳ ላይ በእሳት የተጠበሰ ትልቅ ዓሣ ከሰፊ ቂጣ ጋር ቀረበ። ኤልዳና በጣቶቿ ጠቅልላ ለእናቷ አጎረሰቻት፤ ቀጥላ ለአባቷ ዘረጋች። ግዛቸው ፊቱን አዞረ። ልጅቷ እጇን እንደዘረጋች ቆየች። ኤልዳና ጥርስ ሳታወጣ ጀምሮ በጣቷ የነካካችውን ሁሉ ሲጎርስ የኖረ አባት ነው፤ አንድም ቀን ጉርሻዋን መልሶባት አያውቅም። ፀዳለ ነውሩን ለመሸፈን ብላ ከልጅቷ እጅ ራሷ ጎረሰችው። ከሚገባው በላይ ጨው የበዛበት፣ የቀዘቀዘ ነበር። ግዛቸው ጉሮሮዋ ሲውጥ አተኩሮ አያትና ከገበታው ተነሣ።

በዚያ አገር ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ሰው ይተኛል። ጄነሬተሩ ይጠፋል፣ መስኮቶቹ በወፍራም የእንጨት መዝጊያ ይጠረቀማሉ፣ ውጪ ፀሐዩ ድንጋይ እየሰነጠቀ ውስጡ ጥቁር ጨለማ ይሆናል። ሦስቱም የሚተኙት በአንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ ፀዳለ መጀመሪያ የሸተታት ነገር ባሕሩ ሲሸሽ የሚቀረው፣ ዛጎልና የሞተ ሣር የተቀላቀለበት እርጥብ ሽታ ነበር። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ሽታው ከደጅ ሳይሆን ከክፍሉ ከራሱ የሚመጣ ሆነባት። በባዶ እግሯ ስትነሣ ወለሉ ርሷል። የዋና ልብሶቹ ውጪ ገመድ ላይ ናቸው፣ ቧንቧው ዝግ ነው። እርጥበቱ ግዛቸው ከተኛበት ከመሃለኛው አልጋ አጠገብ አልፎ እስከ በሩ ይደርሳል። «ይኼ ሰውዬ ምን እየሆነ ነው?» አለች በሆዷ።

በማግስቱ ግዛቸው እናትና ልጅን ትቶ ከሁመድ ጋር ሁለት ጊዜ ወደዚያው ቦታ ሄደ። ለምን ብትለው «የጣልኩት ነገር አለ» አላት። ሁለቱንም ጊዜ ሲመለስ ጌጁ ባዶ ነበር፤ አንድም ትንፋሽ አላተረፈም፤ የእጆቹ ቆዳ በኮራል ተቦጫጭቆ ደምቷል። ትናንት ሃምሳ አምስት ደቂቃ ያልተነፈሰ ሰው ዛሬ ሲሊንደር ሙሉ ጨርሶ መጣ። ፀዳለ መድኃኒት ስትመዝን የኖረች ሴት ናት፤ የማይገጥም ቁጥር እንቅልፍ ይነሣታል። እሱ በሌለበት ግን ቀኑ እንዴት ያለ ደስ የሚል ቀን ነበር! ኤልዳና ማዳመጫዋን የት እንደጣለችው አይታወቅም። «ፀጉሬን አበጥሪኝ» ብላ እግሯ ሥር ተቀመጠችላት። ፀጉሯ ከትናንት ጀምሮ አልደረቀም፤ ማበጠሪያው ባለፈ ቁጥር ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ፀዳለ የባሕር ዳር ወበቅ ነው ብላ ፎጣ እየቀያየረች ሹሩባ ሠራችላት።

ያን ቀን ከቀትር በኋላ ነው በተዘጋው ክፍል ውስጥ ደንግጣ የነቃችው። በመዝጊያው ስንጥቅ የገባች ቀጭን ብርሃን የኤልዳናን አልጋ አቋርጣለች። ግዛቸው ከአልጋው በላይ ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮውን ከልጅቷ አፍ ሥር አድርጎ፣ አንድ እጁን በአየር ላይ እንዳንሳፈፈ ቆሟል። ለስንት ጊዜ እንደቆመ እግዜር ይወቅ። ፀዳለ ከአልጋዋ ቀና አለች።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እያዳመጥኩ ነው» አለ በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

እጇን ይዞ ወደ በሩ ጎተታት። «ፀዲ፣ እንሂድ። አሁኑኑ፣ ሁለታችን ብቻ» አላት።

«ልጄን ጥዬ? አብደሃል? ትናንት ጌጅህ መቶ ዘጠና ነበር፤ ያየሁ አልመሰለህም?»

«የኔ አልነበረም» አለ። ቀጥሎ ሊናገር አፉን ሲከፍት ኤልዳና ከአልጋዋ ላይ ዓይኗን ገልጣ፣ ሳትንቀሳቀስ፣ እያየቻቸው ነበር። ግዛቸው አፉን ገጠመ። ፀዳለ ውሸቱ አናደዳት፤ ከገዛ ትከሻው ላይ ያነበበችውን ይክዳታል እንዴ! አብራው ሃያ ዓመት የኖረችው ሰው እንዲህ ያለ ዓይን እንዳልነበረውም ማለችበት።

እሱ ወደ ደጅ ሲወጣ ልጅቷ መጥታ ከእናቷ ብብት ሥር ገባች። «እማ፣ አባን ፈራሁት» አለቻት። «ከታች ከወጣን ጀምሮ እሱ አይደለም። ብቻዬን ከሱ ጋር እንዳትተይኝ።» ፀዳለ ያለ የሌለ ኃይሏን አሰባስባ አቀፈቻት። ማንም ቢሆን፣ ግዛቸውም ቢሆን፣ ይህቺን ልጅ አይነካብኝም ብላ ለራሷ ማለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግዛቸው ፊቱን ታጥቦ፣ ድምፁን አለስልሶ መጣ። «ጆሮሽን ተሽሎሻል። አንድ ጊዜ ከኔ ጋር ግቢ፤ አንድ ነገር ላሳይሽ። ኤልዳና ጀልባው ላይ ትቆይ።» ልጅቷ የእናቷን ክንድ ጨበጥ አደረገች። ፀዳለ «ከገባን ሦስታችንም ነው የምንገባው» አለች። ግዛቸው ልጅቷን አየና «እሺ፣ ይሁን» አለ። ሁመድ አብሯቸው ሊወርድ ሲሰናዳ ግን «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብሎ ጀልባው ላይ እንዲቀር ለመነው።

ወረዱ። ከአሥር ሜትር በታች ቀይ ቀለም ጠፍቶ ሁሉም ነገር ወደ ሰማያዊ ግራጫ ተለወጠ፤ ፀዳለ የሚሰማት የራሷ ትንፋሽ በአፏ በነከሰችው የመተንፈሻ ጎማ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ፣ ከሱ በስተጀርባ ደግሞ ዓሦች ኮራሉን ሲቆረጣጥሙ የሚሰማው ደቃቅ መንቋቋት ብቻ ነበር። ልጇን በቀኝ እጇ ይዛለች። ዓይኗን ከባሏ ላይ አልነቀለችም፤ ከአፉ የሚወጣው አረፋ ወፍራምና ጥድፊያ የበዛበት ነበር፤ እንደማንኛውም እንደፈራ ሰው ይተነፍሳል። ይህ ለአንድ አፍታ ግር አላት።

አሥራ ስምንት ሜትር ላይ ግዛቸው ከአንድ የኮራል ግድግዳ ፊት ቆመ። ግድግዳው ከሥሩ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ሰው በጎኑ የሚያስገባ፣ ውስጡ ድቅድቅ ያለ ነው። በወገቡ የያዘውን የፕላስቲክ ሰሌዳ አውጥቶ ጻፈና ዞሮ አሳያት። «ልጃችን እዚህ ውስጥ ናት» ይላል።

የኤልዳና እጅ በእጇ ውስጥ ነው። ፀዳለ ሰሌዳውን ደግማ አነበበችው። ግዛቸው ባትሪውን አብርቶ ወደ ስንጥቁ አበራ፤ ጥልቁ ውስጥ ጥቁርና ረጅም የሆነ ነገር በማዕበሉ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የባሕር ሣር ነው አለች በልቧ፤ ሣር ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ባሏ ክንዷን ለቀም አድርጎ ወደ ስንጥቁ ጎተታት። በመነጽሩ ውስጥ ዓይኖቹ ሲያለቅሱ አየች፤ እሷ ግን ያየችው ልጇን ከእጇ ሊነጥቅ የሚታገል ሰው ነበር። በሁለት እግሯ ደረቱን ረገጠችው። ክንዷን ለቀቀ። ወደ ላይ እየቀዘፈች አንድ ጊዜ ዞር ስትል፣ ሊከተላት አልሞከረም፤ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ትከሻውን አጥብቦ፣ ወደ ስንጥቁ እየገባ ነበር።

ጀልባው ላይ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ተቀመጡ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። አረፋው መጀመሪያ ሳሳ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ብዙ ሆኖ ወጣ፣ ከዚያ ውኃው ለጥ አለ። ሁመድ ሲሊንደሩን ለብሶ ዘለለ። ፀዳለ ባሏን የረገጠችባቸውን እግሮቿን ከሥሯ አጠፈች። «ደህና ነው፣ ይወጣል፣ ይወጣል» ትላለች፤ ለማን እንደምትናገር አታውቅም።

ሁመድ ወጣ። መሰላሉን ያዘ እንጂ አልወጣበትም። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ወደ ፀዳለ ቀና አለ።

«እህቴ፣ አግኝቼዋለሁ» አለ። «አየሩ አልቋል፤ ነፍስ የለውም። አንዲት ልጅ አቅፎ ነው ያለው። እሷማ ቆይታለች፤ ቀናት ሆኗታል። ከእቅፉ ላላቅቃት አልቻልኩም።»

«የምን ልጅ?» አለች ፀዳለ።

ሁመድ ሊመልስላት ዓይኑን ሲያነሣ ከጎኗ የተቀመጠችውን አየ፤ ከታች በግዛቸው እቅፍ ውስጥ ያየውም ይህንኑ ፊት ነበር። ዓይኑን ሳይነቅል ለወንድሙ በአፋርኛ አንድ ቃል ተናገረ፤ ወንድሙም የሞተሩን መሪ ለቀቀና፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ በልብሱ ባሕሩ ውስጥ ገባ።

ፀዳለ ዞራ ለማየት አልደፈረችም፤ በእጇ ውስጥ ያለው እጅ ግን ቀስ ብሎ ጠበቀ፣ እርጥብ ራስም መጥቶ ትከሻዋ ላይ አረፈና «እማ፣ አታልቅሺ፤ እኔ አለሁልሽ» አላት።