ለኦወን የቀረችው ቃል

በጥላ ሰፈር የሌላውን ሰው ቋንቋ የሚማር አልነበረም። ምን ሊያደርግለት? ጨረቃ ላይ፣ ፀሐይ ገብታበት በማታውቅ ጥልቅ ጉድጓድ አፋፍ በተቆረቆረችው በዚያች የበረዶ ማዕድን ከተማ፣ ሁሉም የሚናገረው በየእናቱ ቋንቋ ነው፤ የሚሰማውም በየእናቱ ቋንቋ። ይህን ሥራ የምትሠራው ቱርጁማን ነበረች። የስንዴ ቅንጣት የምታህል፣ ሕፃን ገና አፉን ሳይፈታ ጆሮው ውስጥ የምትቀመጥ አስተርጓሚ መሣሪያ ናት። የተናጋሪውን ድምፅ ታፍንና በምትኩ ትርጉሙን፣ ለስለስ አድርጋ ታሰማለች።

ሐመልማል ውጭ ያሉትን ቆፋሪዎች ከመቆጣጠሪያ ክፍል ሆና በሬዲዮ ትመራለች። ከሁሉም የምትቀርበው ኦወን የሚባለውን እንግሊዛዊ ነበር። ለዓመታት አብረው ሲሠሩ አንድም ቀን የገዛ ድምፁን ሰምታው አታውቅም። ለእሷ ኦወን ማለት አማርኛው የሚጥም፣ «ምነው ሐመልማል፣ ዛሬ ዝም አልሽ፤ ከማን ጋር ተጣላሽ?» እያለ የሚያስቃት ሰው ነው።

ያን ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ያለው መሰርሰሪያ ቆመ። ኦወን ሊያየው ብቻውን ወረደ።

«አቧራ በልቶ ነው» አላት ከታች። «ጠርጌው እወጣለሁ።»

ጥቂት ቆይቶ ሬዲዮው ይቆራረጥ ጀመር። ወዲያው ግን የኦወን ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። «ደህና ነኝ።»

የአየር መጠኑን የምታሳየው መስመር ትንሽ ዝቅ ስትል ሐመልማል አየች። «አየርህ የቀነሰ መሰለኝ። ላውጣህ?»

«ደህና ነኝ። ደህና።» ድምፁ ረጋ ያለ ነበር።

አሁንም ደገመው። አሁንም። በመጨረሻ ሐመልማል ሳቀች። «ኧረ ገባኝ፣ ደህና ነህ! ስንቴ ትነግረኛለህ?» አለችውና ፊቷን ወደ ሌሎቹ ቆፋሪዎች መለሰች።

የአየሩ መስመር ጭልጥ ብላ ስትጠፋ ነው የደነገጠችው። አዳኞቹ ደርሰው ሲያወጡት የኦወን ነፍስ አልወጣችም ነበር፤ ግን አንጎሉ አየር ተነፍጎ ቆይቷል።

በማግስቱ የቱርጁማን ባለሙያ የሆኑት ጋሽ ዳምጠው አስጠሯት። በልጅነታቸው እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ከተማሩት የመጨረሻ ሰዎች አንዱ ናቸው። ቱርጁማን ያልነካችውን፣ ጥሬውን የሬዲዮ ድምፅ ከፈቱላት።

ሐመልማል መጀመሪያ ሌላ ሰው መሰላት። ሻካራ፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ፍርሃት የያዘው ድምፅ ነበር። ከጩኸቱ መሐል አንዲት ቃል ብቻ ደጋግማ ብቅ ትላለች። ፋይን። ፋይን።

«ምን ማለቱ ነው ጋሼ?»

«ይኸውልሽ ልጄ፣ ይህች ቃል መልኳ ብዙ ነው። እንዴት ነህ ሲባል ፋይን ያለ ሰው፣ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ቀኑ ብራ ሲሆንም ፋይን ይሉታል። ደንብ ጥሰሽ የምትቀጪው ቅጣትም ስሙ ፋይን ነው። ያኮረፈ ሰው ደግሞ ፋይን ካለሽ፣ እንግዲህ እንደፈለግሽ፣ ተዪኝ ማለቱ ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ዱቄትም ልም ሲሆን ፋይን ይባላል። አዳኞቹ የአየር ቧንቧውን በልም አቧራ ተደፍኖ ነው ያገኙት፤ ኦወን ያላት ይህችኛዋን ነው። አቧራው ልም ነው፣ በአየር ቧንቧዬ እየገባ ነው እያለሽ ነበር።»

«ታዲያ ቱርጁማን እንዴት...»

«ድምፅ ሲቆራረጥባት የጎደለውን በግምት ትሞላለች። ሰው ይህችን ቃል አብዝቶ የሚጠራት ደህና ነኝ ለማለት ነው፤ እሷም እንደ ብዙዎቹ ገመተች። ድንጋጤውንም እንደ ጫጫታ ቆጥራ አጣርታ ጣለችው።»

ሐመልማልን ያንገበገባት ቃሉ አልነበረም። «ድምፁን ብቻ ብሰማው» አለች ቀስ ብላ፣ «እንግሊዝኛ ባላውቅም እደርስበት ነበር።»

ኦወን ሲነቃ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሟ ኢፍቱ በር ላይ ያዘቻት።

«የምትነግሪውን ይረዳል። መናገር ግን አልቻለም። እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ አንዳንዴ አንዲት ቃል ትተርፋለች። ለእሱ የተረፈችው ያቺው ፋይን ናት፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

ኦወን ሐመልማልን ሲያይ ፊቱ ተጨማደደ፤ እጁን ወደ ትከሻው ሰደደ። በጆሮዋ የገባው ግን ያው የረጋ ድምፅ ነው። «ደህና ነኝ።»

ቱርጁማንን ከጆሮዋ ጎርጉራ አወጣቻት። ኢፍቱ ደንግጣ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሐመልማል ግን አልገባትም። ኦሮምኛ ነበር። ከአንድ አገር መጥተው፣ ስንት ጊዜ አብረው በልተው፣ የዚህችን ሴት አንደበት ገና አሁን መስማቷ ነው። አፈረች።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስትወጣ እየሄደች፣ ቱርጁማንን አውጥታ አጠገቡ ትቀመጣለች። ቃሉ አንድ ነው፤ ድምፁ ግን ብዙ ነበር። አስረዝሞ ሲላት ውሃ ይፈልጋል። ቆረጥ አድርጎ ሲላት ትከሻውን ቆርጥሞታል። መስኮቱን እያየ በሹክሹክታ ሲላት ምድር ላይ ያለችው እህቱ ናፍቃው ነው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ኩባያውን ወርውሮ ይጮኽባታል፤ ያኔ ተነሥታ ትወጣለች። እየተሳሳተች፣ እየታረመች ለመደችው።

ጋሽ ዳምጠውም ዝም አላሉም። ቱርጁማንን፣ ስትጠራጠር ከመገመት ይልቅ «ምን ማለትህ ነው?» ብላ እንድትጠይቅ አድርገው አስተካከሏት። ሰዉ ለሰሞኑ አመሰገናቸው። ወር ሳይሞላ ግን ማጉረምረም ተጀመረ። ባልና ሚስት ራት ላይ፣ አለቃና ሠራተኛ ስብሰባ ላይ፣ ምን ማለትህ ነው እየተባሉ መጠየቁ ሰለቻቸው። አንድ በአንድ ጥያቄዋን አጠፉት፤ ወደ ለስላሳው ግምት ተመለሱ። ሐመልማል ይህን ስታይ በሰዉ ተናደደች።

ኦወን ወደ ምድር፣ ወደ እህቱ የሚሄድበት ቀን ደረሰ። እስከ መንኮራኩሩ በር ድረስ በተሽከርካሪ ወንበሩ ገፋችው። ስታመነታ የከረመችውን ነገር እዚያ ጎንበስ ብላ ነገረችው።

«ኦወን፣ የዚያን ቀን እየነገርከኝ ሳቅሁብህ። ይቅር በለኝ።»

ትክ ብሎ አያት።

«ፋይን» አላት።

ጠበቀች። ቃሏ ረጅምም አጭርም አልነበረችም። ከለመደቻቸው አንዱንም አትመስልም። ይቅር ብዬሻለሁ ትሆን? እንግዲህ እንደፈለግሽ፣ ተዪኝ ትሆን? ወይስ ያቺው የጉድጓዱ ቃል ናት፣ ዛሬም ድረሱልኝ የሚልባት? ደግመህ በለኝ ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን የሚመጣውን ፈራች። አስተናጋጆቹ ወንበሩን ተቀበሏት፤ በሩ ተዘጋ።

ስትመለስ ኢፍቱ መተላለፊያው ላይ ቆማ አገኘቻት። በእጇ ጠየቀቻት፤ ምን አለሽ?

ሐመልማል አላውቅም ስትል ራሷን ነቀነቀች። ቱርጁማን ጆሮዋ ላይ ብትሆን ኖሮ፣ በዚያ በረጋ ድምፅ «ግድ የለም» ትላት እንደነበር ታውቃለች። ውሸት ሊሆን እንደሚችልም ታውቃለች። ሆኖም ያን ድምፅ እንደዚያች ሰዓት ተመኝታው አታውቅም።