የወይዘሮ ቢዳ የመጨረሻ ቃል

ወይዘሮ ቢዳ ፍራሻቸው ላይ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው እንደለበሱ ሞተው ተገኙ። ቤቱ በማላዮች አገር፣ ሰንደካን ከተማ ውስጥ፣ ባሕር ላይ በእንጨት የቆመ ነው። ከወለሉ ሥር ውሃው ገባ ወጣ ሲል እሳቸው የሚተነፍሱ ይመስል ነበር።

ምግብ አብሳያቸው ሉኒንግ በካቴና ታስራ ጥግ ቆማለች። ከፊሊፒንስ የመጣች፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌላት የልጆች እናት ናት። ነፍስ ያጠፋ ደግሞ ይሰቀላል።

«አለቀ እኮ እሜቴ» አለ አስር አለቃ ጁስሊ ለመርማሪዋ። «ሟቿ በመጨረሻ ‹ሱካ› ሲሉ የእህታቸው ልጅ ሩጋያ በግድግዳ በኩል ሰምታለች። በነሉኒንግ ቋንቋ ኮምጣጤ ማለት ነው። እዚህ ቤት ኮምጣጤ የምትጠምቀው ደግሞ እሷ ናት።»

«ኮምጣጤ ቢገድል አገሬ ሰው ባልተረፈ» አለች ሉኒንግ።

መርማሪዋ ኖርላይላ ሬሳው ላይ እንዳጎነበሱ፣ «በእኛስ በማላይኛ፣ ሩጋያ?» አሉ።

«መውደድ» አለች ልጅቷ፣ ወደ ሬሳው ሳታይ።

«እኛ ጃቫዎች ደስታ እንለዋለን» አለ ተከራዩ ዋጊማን። «እዚህ ቤት ግን አላየሁትም።»

«ሁሉም እንደየቤቱ ነዋ። በሉ ቃሉን ተዉት። ማን አገኛቸው?» አሉ ኖርላይላ።

«እኔ» አለ ዋጊማን። «ጠዋት ከዓሣ ማጥመድ ስመለስ ሩጋያ ደጅ ቆማ፣ ‹እንቅልፍ ጥሏቸዋል፣ ቀስቅስልኝ› አለችኝ። ብርድ ልብሱን ብገልጥ መቀስ ሆዳቸው ላይ ተጋድሟል።»

ኖርላይላ ሁሉንም አስቀመጧቸው።

«ከንፈራቸው ከውስጥ ተቆርጧል፤ ዓይናቸው ውስጥ የደም ነጠብጣብ አለ። በትራስ ታፍነው ነው። ያፈናቸው ሰው ግን ብረት ሆዳቸው ላይ አኑሮ አለበሳቸው። ድመት ብትዘለው ሬሳው እንዳይነሳ እኛ ማላዮች የምናደርገው ነው። ሉኒንግ፣ እናንተስ?»

«መቁጠሪያ እናስይዛለን።»

«ዋጊማን ከጓደኞቹ ጋር ባሕር ላይ አድሯል። ሩጋያ፣ ተኝተዋል መስሎኝ ነው አልሽ። ለተኛ ሰው መቀስ ማን ያኖራል?»

ሩጋያ አሁን ገና ወደ ሬሳው አየች።

«ለአንድ ሽማግሌ ሊድሩኝ ነበር» አለች ሩጋያ። «‹ሱካ ታክ ሱካ› አሉኝ፤ ወደድሽም ጠላሽም ማለታቸው ነው። ትራሱን አነሣሁ። የቤታችን ድመት ደፉ ላይ ነበረች፤ እንዳይነሱ ፈርቼ መቀሱን አኖርኩ።»

«ቃሉን ራስሽ ለምን አወጣሽው?»

«ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ።»

ጁስሊ አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ፈታና ሩጋያን ይዞ ወጣ። ጎረቤቱ ወደ ቤቱ በሚያሻግረው የእንጨት ድልድይ ላይ ቆሞ ነበር፤ ደፍሮ የገባ የለም። ሉኒንግ የእጇን አንጓ እያሸች ከሬሳው አጠገብ ተቀመጠች።

«አንቺ፣ ልጆችሽ ጋ ሂጂ እንጂ» አሏት ኖርላይላ።

«እሄዳለሁ እሜቴ። ሰው እስኪመጣ ነው፤ ወይዘሮ ቢዳ ብቻቸውን ናቸው።»